ስምንት ደቂቃ ለጎንደር

በጎንደር ጥቂት ወጣቶች ከሥራና ከትምህርት በሚተርፋቸው ሰዓት የፋሲል ግቢን በሮች ታሪክ ከአዛውንቶች አፍ ይሰበስባሉ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተኙ የድሮ ፎቶግራፎችንም ቅጂ አንሥተው ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ክፍያ የለውም። የከተማው አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ስለዚህ ሥራ የስምንት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሊያደርግላቸው በተዘጋጀበት ሰሞን፣ ለዕረፍት የመጣሁት እኔም ከዝግጅታቸው መሀል ተገኘሁ።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። እዚያ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሁለተኛው እሑድ፣ በእኛ የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ታሪካዊ ሕንፃዎች ለሕዝብ ክፍት ይሆናሉ። ከሚያስጎበኙት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሬዲዮ ሲጠራቸው ማን እንደሚናገር፣ የትኛውን ታሪክ እንደሚመርጥ፣ ከአድማጩ ምን እንደሚፈልጉ ቆርጠው ይሄዳሉ። ጋዜጠኛው ሰላምታውን እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባሉ። ይህን ልማዳቸውን እወድላቸዋለሁ፤ የሰው ጊዜ ማክበር ነውና። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለዚያ ግንብ የሚናገረው ሰው ግንቡን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነው።

ጎንደር ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። እውቀቱ ሞልቶ ፈስሷል፤ የሚያጥረው ደቂቃው ነው። የወጣቶቹ የመጀመሪያ ረቂቅ ሲነበብ ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋው ምስጋና ነበር፤ ጣቢያው፣ መሥሪያ ቤቶቹ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ቁርስ ያቀረቡ እናቶች ሳይቀሩ። ማመስገን ወጋችን ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ከስምንቱ ሦስቱ ሲሄድ ለፋሲል ምን ይቀራል?

ቀጥሎ፣ «ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ቆረቆሩ፤ ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 መዘገበ» የሚል መጣ። አንዱ ዓመት የእኛ፣ ሌላው የፈረንጅ። መኪና ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? 1972 ብለው በእኛው አቆጣጠር እንዲያስተካክሉት ተስማማን። አንዱ ልጅ ደግሞ ስለ ግንቡ ከፍታ ሲለማመድ እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ «ይህን ያህላል» ይል ነበር። ሬዲዮ እጅ አያይም፤ በቃል መሣል ያስፈልጋል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡት አዛውንት ግንበኛ ነገር ነው። ስማቸው ከሚመሰገኑት መካከል ተጽፏል፤ ከሚናገሩት መካከል ግን የለም። አንዲት ልጅ፣ «አባባ፣ እርስዎ ቢናገሩስ?» አለቻቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ! የተማራችሁት ተናገሩ እንጂ» አሉ።

ኋላ ወሬው ስለ ኖራ ሲሆን አላስቻላቸውም። ኖራው ለረጅም ጊዜ በውሃ ተዘፍዝፎ መክረም እንዳለበት፣ ሲደርስ እንዴት እንደሚልም፣ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር እያሹ አስረዱን። ሲሚንቶ ለምን ለድሮ ግንብ እንደማይሆንም ነገሩን። እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ መውጫ ያጣው ውሃም ድንጋዩን እየሸረሸረ ይበላዋል። ጣልያን በወረራው ዘመን ግንቦቹን የጠገነው በሲሚንቶ ነበር፤ በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው እድሳት ያ ሲሚንቶ ተነሥቶ በኖራ እንዲተካ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ ለመናገር የፈጀባቸው ጊዜ ከምስጋናው ዝርዝር ያነሰ ነበር። ከዚያም በሮቹን በስም ጠሯቸው፤ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር፣ አደናግር በር፣ ቋሊ በር፣ እርግብ በር እያሉ አሥራ ሁለቱንም፣ አንድም ሳይሳቱ።

ጀርመን ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። እኛ ደግሞ አጠገባችን አስቀምጠን «ክቡራትና ክቡራን» እንላለን። ትሕትናቸው ያኮራኛል፤ ግን እኛም «የተማሩት ይናገሩ» ሲሉ እሺ ብለን ማለፋችን ያሳስበኛል። አባባ ባይናገሩ፣ ከእሳቸው በኋላ ያን ኖራ በጣቱ የሚያውቅ ስንት ሰው ይኖራል?

ረቂቁ እንደ አዲስ ተጻፈ። ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። መክፈቻውና ሰፊው ጊዜ የአባባ ነው፤ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ትጠይቃቸዋለች፣ ወረቀት የሚያነብ የለም። መጨረሻዋን ደቂቃ ለልመና ለዩዋት፤ የድሮ ፎቶግራፍ ያለው ሰው እንዲያመጣ፣ በዚያው ቀን ተቀድቶ እንደሚመለስለት፣ ከጀርባው ስምና ዓመት ካለ እንዳይፍቀው።

በዚህ ልመና ላይ እኔ አንድ ነገር አስጨመርሁ። ከጎንደር ስንወጣ የቤተሰብ አልበም ይዘን የወጣን ብዙ ነን። ጥምቀት ላይ በፋሲል መዋኛ አጠገብ የተነሡ አያቶቻችን ዛሬ በፍራንክፈርትና በዋሽንግተን ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ከኋላቸው የሚታየው ግንብና ዋርካ በዚያ ዓመት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ልመናው ውጭ ያለነውንም በስም እንዲጠራ ጠየቅሁ፤ ፎቶግራፉን በጥራት አንሥተን በስልክ እንድንልክ፣ የሰዎቹን ስምና ቦታውን አብረን እንድንጽፍ።