ከሚመለከታቸው አካላት በስተቀር

ሰሞኑን በከተማችን የመብራት ምሰሶዎች ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ማኅተም አለው። ማኅተሙ የጽሑፉን ግማሽ ሸፍኖታል። የቀረው ሲነበብ፣ በዋናው መንገድ ላይ መኪና ማቆምን የሚከለክል ረቂቅ ተዘጋጅቷልና ነዋሪው አስተያየት ይስጥበት ይላል። ከመናኸሪያው በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ድረስ በግራም በቀኝም ማቆም አይቻልም። ጭነት ማራገፍ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ብቻ። ከገበያው ጀርባ ያለው ሜዳ የክፍያ ፓርኪንግ ይሆናል፤ ዋጋው «በሰዓት ......... ብር» ነው። ነጥቦቹን እኔ አልጨመርኩም።

እስከዚህ ድረስ አልተናደድኩም። የከተማ ነገር ነው፣ መከልከልም ሥራ ነው። ያናደደችኝ ከግርጌ ያለችው መስመር ናት። «የሚመለከታቸው አካላት ተሽከርካሪዎች በዚህ ክልከላ አይካተቱም።»

ከተማችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ካሉት አንዷ ናት። አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያላችሁ ቁጠሩ። የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም፤ ብዙ ዘመድ አለኝ። ደግሞም ችግሩ የሁሉም ነው። አገር አቋራጩ መንገድ በመሃል ይሰነጥቃቸዋል፣ ከተማው በግራና በቀኙ ይበቅላል። ስለዚህ አስፋልቱ መንገድ ብቻ አይደለም። ገበያ ነው። የባጃጅ ተራ ነው። በርበሬ ሲደርስ በርበሬ ማስጫ ነው። ማታ ማታ ሽርሽር የምንወጣውም እዚያው ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጊዜ ካገኘ መኪና ያሳልፋል።

በዚያ ላይ እኛ ሳንቆም ሰላምታ አንሰጥም። እየሄዱ «ሰላም ነው?» ማለት የአዲስ አበባ ልጆች ሥራ ነው። እዚህ ሰው ከሰው ሲገናኝ ይቆማል። ጤና ይጠየቃል፣ ልጆች ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። እግዜር ይመስገን ተብሎ ካለቀ በኋላ እንደገና ከጤና ይጀመራል። ይህ ሁሉ በእግር ሲሆን ማንንም አይጎዳም። ጉዱ ሰላምታ ሰጪው አይሱዙ ሲነዳ ነው። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ የሚመጣው፣ ከደጀን በኩል ሲሚንቶ ጭኖ ከሚመጣው ጋር መሃል ከተማ ላይ ይገናኛል። ሁለቱም ያቆማሉ። መስኮት ለመስኮት። ሞተር አይጠፋም፤ ሞተር ካልጠፋ ማቆም አይባልም። ከኋላ ያለው ጡሩምባ ይነፋል። ሁለቱ ሹፌሮች እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ያረጋጉታል። ሰውዬው ተናዶ ሊደባደብ ይወርዳል። ሲጠጋ ከሁለቱ አንደኛውን ያውቀዋል። አሁን ሦስት ሆኑ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ለፈተና ሸምድዶታል። ሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ቀይ ሰረዝ ካለ መኪና አቁሞ መሄድ አይቻልም፤ ሰው አውርዶ ማለፍ ግን ይቻላል። ሰረዙ ሁለት ሆኖ ከተጠላለፈ ለአፍታም መቆም የለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተሰበሰቡ የብዙ አገር ሰዎች በመንገድ ምልክት ስምምነታቸው ያሰፈሩት ነው። ለሁለት አይሱዙ ሰላምታ የሚሆን ምልክት ግን ሳያበጁ ተበተኑ። ምናልባት በኛ በኩል አላለፉም።

ክልከላው ራሱ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት አካባቢ ዩልዮስ ቄሳር ሮማ በጋሪ ብትታፈንበት ቀን ቀን ጋሪ እንዳይነዳባት የሚል ሕግ አወጣ። ከፀሐይ መውጫ እስከ 10 ሰዓት ድረስ። እነሱም እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነበር የሚቆጥሩት፤ ስለዚህ ሰዓቱን እየቀነሳችሁና እየደመራችሁ አትድከሙ። ጋሪው ሁሉ ተጠራቅሞ ሌሊት ገባ፣ ሮማም እንቅልፍ አጣች። የከተማችን ጫኝና አውራጆች ይህን ታሪክ ባያነቡትም ገብቷቸዋል። የማታ ዋጋ እጥፍ ነው ብለው ከወዲሁ አስታውቀዋል። መብራት በጠፋ ቀን ማዳበሪያ በምን ብርሃን እንደሚወርድ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም።

የቄሳርም ሕግ «በስተቀር» ነበረው። ለቤተ መቅደስ ግንባታ ዕቃ የጫነ ጋሪ በስተቀር። ቬስታ የምትባል ጣዖታቸውን የሚያገለግሉ ደናግል በበዓል ቀን የሚሄዱበት በስተቀር። የድል ሰልፍ በስተቀር። ከከተማው ቆሻሻ የሚያወጣ በስተቀር። ሰውዬው አምባገነን ነበር፣ ግን ዘርዝሮ ጻፈ። አንድ ሮማዊ መንገድ ዳር ቆሞ «ይሄ ጋሪ ለምን ገባ?» ቢል መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል። የኛ «የሚመለከታቸው አካላት» እነማን ናቸው? ምንድን ነው የሚመለከታቸው?

እኔ እስካየሁት ድረስ የሚመለከታቸው ቁርጥ ነው። ነጭ ፒካፕ፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ኮድ 4 ታርጋ። ከ6 ሰዓት በኋላ ሥጋ ቤቶቹ በር ላይ ሂዱና እዩ። በአንድ ረድፍ አይደለም፤ በሁለት ረድፍ ነው የሚቆሙት። ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛት ሴት ያሳፈረ ባጃጅ ከኋላቸው ተይዞ አይቻለሁ። ልጁ ጡሩምባውን እየነፋ ያለቅስ ነበር። አብራት ያለችው እናቷ ወርዳ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ስለ እመብርሃን!» ስትል ሰው ሁሉ ሰማ። ሹፌሩ ወጣ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው የወጣው። ፒካፑን አንድ ሜትር ወደፊት ገፋ አደረገና ተመልሶ ገባ። እዚህ ላይ ቀልድ አላበዛም። ያቺን መስመር የጻፈ ሰው ያንን ሹፌር አያውቀውም ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ስለ መቆም ከተነሣ የቆየ ቂምም አለኝ። እኔ መኪና የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። የምቆመው በእግሬ ነው። አንድ ጊዜ የአክስቴን ልጅ እየጠበቅሁ አንድ ባንክ በር አጠገብ ቆሜያለሁ። ጥበቃው መጣ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እዚህ ማቆም ክልክል ነው» አለኝ።

«መኪና የለኝም» አልኩት።

«ያለ መኪናም ክልክል ነው።»

ወደ ምሰሶው ፈቀቅ አልኩ። «እሱም የባንኩ ነው» አለኝ። የመብራት ምሰሶ እኮ ነው! መንገዱን ተሻገርኩ። ማዶ ያለው ደግሞ ሌላ ባንክ ነው፣ ሌላ ጥበቃ አለው፣ ያም ከወንበሩ መነሣት ጀምሯል። ወዳጆቼ፣ በትንሽ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ባንክ ተከፍቶ ሰው የት ይቁም? በመጨረሻ የአክስቴን ልጅ የጠበቅኋት ጸበል ቤቱ አጥር ሥር ነው። እዚያም «ወረፋ ይያዙ» ተባልኩ። ያ ባንክ እስከ ዛሬ ድረስ «ከእኛ ጋር ይቆጥቡ» እያለ በስልኬ መልእክት ይልክልኛል። እኔን በበሩ የማያስቆም ቤት ገንዘቤን እንዴት ያስቀምጥልኛል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። በሰርግም በለቅሶም እጠቅሰዋለሁ፤ ባለቤቴ ገና አፌን ስከፍት ትጨርስልኛለች። የኛን መንገድ ታሪክ ከዚህ ተረት በላይ የጻፈው የለም። እዚህ መንገድ የሚያዘው በድንጋይ ነው። ሱቅ የሚከፍት ሰው ከዕቃው በፊት የሚያስቀምጠው ድንጋይ ነው፤ በሩ ላይ ሌላ ሰው እንዳያቆምበት። ድንጋይዋ ትንሽ ናት፣ ማንም ምንም አይላትም። ቀጥሎ አሮጌ ጎማ ይጨመራል። ጎማው ውስጥ ሲሚንቶ ይፈሳል፣ መሃሉ ላይ ብረት ይቆማል። ብረቱ ሸራ ይይዛል። ሸራው ሥር የቢራ ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ ሰው። በዓመቱ የመንገዱ ሩብ በረንዳ ሆኗል። «አያ፣ ይቺን ድንጋይ ማን አኖራት?» ብትሉት ባለሱቁ ከልቡ ይገረማል። «እኔ ስመጣም ነበረች» ይላል።

ከድንጋይ ጋር ያለን ዝምድና ሥር የሰደደ ነው። ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው ያውቀዋል። የተበላሸ መኪና ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል። ድንጋዩ መሃል አስፋልት ይቀራል፣ ለሚቀጥለው ሰው። ረዳቱን ጠይቁት፤ «ቸኩለን ነው» ይላል። ግማሽ ቀን ቆመው የተጠገኑ ሰዎች አንዲት ድንጋይ ለማንሣት ይቸኩላሉ!

ከድንጋይም የባሰ አለ፣ አሸዋ። ፎቅ እሠራለሁ ያለ አንድ ባለሀብት ዋናው መንገድ ላይ አሸዋ አፍስሷል። ፎቁ አልተሠራም። አሸዋው ክረምት አለፈበት፣ ሣር አበቀለ፣ የሰፈሩ ሕፃናት ዳዴ ብለው እግራቸውን ያጸኑት እሱ ላይ ነው። በረቂቁ ውስጥ ስለ አሸዋ አንዲት ቃል የለም። አሸዋ ተሽከርካሪ አይደለማ! አጠገቡ በዘንቢል ድንች የምትሸጠዋን ሴት ግን ደንብ አስከባሪዎች በየቀኑ ያሳድዷታል፣ ሚዛኗን ነጥቀው ይሄዳሉ። መንገድ ዘጋሽ ይሏታል። እሷ እኮ ስትባረር ትነሣለች። አሸዋው ነው የማይነሣው።

ውይይቱ ላይ ሄጄ ነበር። 3 ሰዓት ተብሎ በ5 ሰዓት ተጀመረ። ረቂቁ ሲነበብ «ለአጭር ጊዜ ማቆም ይፈቀዳል» የሚል አንቀጽ መጣ። አንድ የቅኔ መምህር ብድግ አሉ። «አጭር ያላችሁት በእኔ ዕድሜ ነው በእናንተ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። መድረኩ ሳይስቅ «እንደየሁኔታው ይታያል» አለ። የኔታም «እንግዲያው የሚያየው ሰው ይጻፍልን» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ ትርፍ ነበር። አንዱ ስለ ውኃ አነሣ፣ ሌላው ስለ መብራት። ከአጀንዳ አንውጣ ተባለ። ምሳ ሰዓት ደረሰና ሁላችንም ወጣን። ውጭ የቆሙትን መኪኖች አልገልጻቸውም፤ ገምታችሁታል።

ስለ ክፍያው ፓርኪንግ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም ጨምሮ። ነገሩ ግን የሚያስጠይቅ ነው። ለማቆሚያ የሚያስከፍል ቆጣሪ መጀመሪያ የተተከለው አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ጣሊያን እኛን ለመውረር ስንቅ በሚያከማችበት ክረምት። ለአንድ ሰዓት 5 ሳንቲም ነበር። ያኔ መጀመሪያ የተያዘው ሰው አንድ ፓስተር ነበር ይባላል። ሳንቲም ላስዘረዝር ሱቅ ሄጄ ነው ብሎ ተከራከረ፣ ዳኛውም አመነውና ለቀቀው። እኛ ዘንድ ይህ መከራከሪያ ከመጣ ከተማው አንድም ብር አይሰበስብ። ከሚኒባስ ረዳት እስከ ፋርማሲ ዝርዝር ያለው ሰው ማን አለ? መልሳችሁን በማስቲካ ነው የምትቀበሉት። የፓርኪንግ ልጆችም ማስቲካ መያዝ ይኖርባቸዋል።

ለማንኛውም፣ አስተያየት በጽሑፍ እስከ ዓርብ ይገባል ተብሏል። የእኔን ጽፌያለሁ። ከግርጌ ያለችው መስመር ትውጣ፤ አትወጣም ከተባለ እንደ ቄሳር ተዘርዝራ ትጻፍ፣ ቁርጥም ካለበት ቁርጥ ተብሎ ይጻፍ። አሸዋ እንደ ቆመ ተሽከርካሪ ይቆጠር። ባጃጆቹ ተራ ይሰጣቸው፣ ሱቆቹ ጠዋት ጠዋት ጭነት የሚያራግፉበት ሰዓት ያግኙ። የሰላምታውን ነገር ሳልነካ አልፌዋለሁ፤ እሱን የሚከለክል ደንብ ቢወጣም ትራፊኩ ራሱ ዘመድ አለው። ስለ ባንኩ ጥበቃም አንድ ሙሉ ገጽ ነበረኝ። ባለቤቴ አንብባ «ይሄ ደግሞ ከፓርኪንግ ጋር ምን አገናኘው?» ብላ አወጣችብኝ። ዓርብ ከመድረሱ በፊት መልሼ አስገባዋለሁ።