ልብስ ጠባቂ

ቅዳሜ ንጋት ላይ ውሃ መጣ። ለእኛ ለጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰዎች «ውሃ መጣ» ማለት ምድር ላይ ያለው ቧንቧ ድረስ መጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚመጣው በእኔ እግር ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለንም። በግራም በቀኝም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለመተንፈስ ቆም እንዳልኩ፣ ጎረቤቴ ከሩጫ ተመልሶ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ደረሰብኝ። አየኝ። ጀሪካኖቹንም አየ። ከዚያ ትከሻዬን በፍቅር መታ መታ አድርጎ፣

«ወንድሜ፣ እንደው አንተ ለምን ስፖርት አትጀምርም?» አለኝ።

«ጊዜ አጣሁ» አልኩት፣ ትንፋሼ ሲመለስ።

«ጊዜ ይፈጠራል እንጂ መች ይገኛል!» ብሎኝ ወደ ቤቱ ገባ። በሩ ሲከፈት የእንቁላል ጥብስ ሸተተኝ።

እንቁላል ከተነሳ አይቀር፣ ከተረቶቻችን ሁሉ የምወደው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ነው። ስፖርት ጀምር የሚለኝ ሁሉ ይህችኑ ይጠቅስብኛል። ዛሬ አምስት ደቂቃ፣ ነገ አስር ደቂቃ፣ ከዚያ እንጦጦ ላይ ነህ። ግን ተረቱን ልብ ብላችሁታል? እንቁላሉ በእግሩ ለመሄድ የበቃው 21 ቀን ሙሉ ሞቅ ያለ ቦታ ተኝቶ ነው። እናቱ በየጊዜው ብታገላብጠው እንጂ እሱ ምን አደረገ? እኔም እሁድ እሁድ ይህንኑ ሞክሬዋለሁ። ባለቤቴም ታገላብጠኛለች፤ ከአልጋ ለማውረድ። ደግሞስ በእግሩ ሄዶ የት ደረሰ? ፋሲካ ደረሰ። ወጥ ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። በቀን 30 ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን። እስቲ ሰላሳዋን አብረን እንፈልጋት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። ሦስት ምሳ ዕቃ ይሞላል። የትንሹ ልጅ ካልሲ ይጠፋል፤ አንድ እግሩ ብቻ፣ ሁለቱም ጠፍተው አያውቁም። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ 12:45 ላይ ክላክሱን ያንባርቃል፣ ሁለት ደቂቃ ካሳለፋችሁ ጥሏችሁ ይሄዳል። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ ቢሮ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የልጆች የቤት ሥራ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ እድር፣ ለቅሶ፣ አራስ ጥየቃ። ሰላሳዋን ያገኛችሁ ጥሩኝ።

ጎረቤቴ ለዚህም መልስ አለው። «ደራርቱ ቱሉን አታይም? ወልዳ ከብዳ እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች!» ደራርቱን ደረጃ ላይ ክርክር ውስጥ ማስገባት ግፍ ነው፤ ማን ይመልስላታል? ቢሆንም ደራርቱ ሥራዋ ሩጫ ነበር፣ የእኔ ሥራ ሒሳብ መመዝገብ ነው። ለእሷ «እንደው ጊዜ ፈጥረሽ ለምን ሒሳብ አትመዘግቢም?» ያላት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እውነቱን ለመናገር እኔና ስፖርት የተቀያየምነው ስድስተኛ ክፍል ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ኳስ የሚጫወቱትን በጣቱ ሲመርጥ እኔ ላይ ደረሰና፣ «አንተ ልብስ ጠብቅ» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የሹራብ ክምር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድ ቀን የአንዱ ልጅ ሰማያዊ ሹራብ ጠፋ። አልወሰድኩም፣ ሲወሰድም አላየሁም፤ ጎሉን እያየሁ ነበር። ያገባው ራሱ ባለሹራቡ ነው። እሱን በትከሻ ተሸከሙት፣ የሹራቡን ዋጋ አባቴ ከፈለ። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ በየዓመቱ የታላቁ ሩጫን ካናቴራ ለብሶ ፎቶ ይለጥፋል። ለ10 ኪሎ ሜትር ሜዳሊያ ነክሶ! ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ሹራቡ ትዝ ይለኛል። ደግሞ የማን ልጅ ነው ልብሱን የሚጠብቅለት እላለሁ።

ጎረቤቴን ያልወደድኩለትም ይህንን ነው። ጊዜ ፈጠርኩ ይላል። እሱ ሲሮጥ ልጆቹን ማን አለበሳቸው? እንቁላሉን ማን ጠበሰው? ቧንቧው ጋ ስወርድ ሚስቱ ጀሪካኖቿን ደርድራ ጨርሳ ነበር፤ ስንተኛ ምልልሷ እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ጊዜን የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር ነው። ሌላው የሚለብሰው ከሰው ላይ ገፎ ነው፤ ገፎም ሲያበቃ ደረጃ ላይ ቆሞ ይመክራል!

ይህን ንግግር በዚሁ ስሜት ለባለቤቴ አሰማኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣

«አንተ ማታ ማታ ኳስ ልታይ ስትወጣ ልጆቹን ማን ነው የሚያስተኛቸው?» አለችኝ።

«ኳስ ማየት እኮ ስፖርት አይደለም።»

«እሱስ አይደለም። እኔስ መቼ ነው የምሮጠው?»

የሽንኩርት ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቅኋት።

ለማንኛውም ስለ ስፖርት ነበር የጀመርኩት። እሁድ ጠዋት ቱታዬን ከቁም ሣጥኑ ሥር አወጣሁት። ቤቱን ስንቀባ የለበስኩት ስለሆነ ጉልበቱ ላይ ቀለም አለበት። ጫማዬን አጥብቄ፣ በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን እንዳስቀደምኩ፣ «ከወጣህ አይቀር ዳቦ ይዘህ ና» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ዳቦ ቤቱ ጋ እየሮጥኩ ልደርስ አስቤ ነበር። ሰልፉ ግን መሃል መንገድ ላይ ተቀበለኝ።

ስመለስ ጎረቤቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሩን የደረጃው መደገፊያ ላይ ሰቅሎ ሲያፍታታ አገኘሁት። ቱታዬን አየና ፊቱ በራ።

«ጎበዝ! ጀመርክ ማለት ነው?»

ዳቦውን ከኋላዬ ደበቅሁ።