«ኮሮናው ገና ነው»

የሞተርሳይክላቸውን ካቴና ብቻ ቀይረው ለሚነሱ ሰዎች ምስጋና ሲያንስ ነው። ሞተሯ አሮጌ ናት፤ መሪዋ ተለውጧል፣ ጭስ ማውጫዋ ተቆርጧል፣ የኋላ ሾኳ (ንዝረት ማብረጃዋ) ረዝሟል። ለዚህ ሁሉ ያልሰሰተ እጅ ኮሮና ጋ (በሽታው ሳይሆን ካቴናው የሚያዞረው የኋላ ጎማው ጥርሳም ክብ ጋ) ሲደርስ ቁጠባ ይወርደዋል። ጥርሱ እንደ ማጭድ ጎብጦ እያዩ «ገና ነው፣ ይሠራል» ለማለት ጠንካራ እምነት ይጠይቃል።

ነገር የሚያከብዱ ሰዎች የፊቱ ፒኞን (ካቴናውን የሚነዳው ትንሹ ጥርሳም ክብ)፣ ካቴናውና የኋላው ኮሮና አብረው ይቀየራሉ እያሉ ይነዘንዛሉ። እንደነሱ አባባል ካቴና የሚረዝመው ብረቱ ተስቦ ሳይሆን አንጓዎቹን የሚያያይዘው ፒንና ፒኑ የሚገባበት ቡሽ ተበላልተው ነው። የ520 ካቴና (ቁጥሩ የካቴና መጠን መለያ ነው) 20 አንጓ ተወጥሮ ሲለካ አዲሱ 317.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ያረጀው ከዚያ ያልፋል። ኮሮናውም ከረዘመው ጋር ተስማምቶ ስለተበላ አዲሱን በልኩ አይቀበለውም፤ ጭነቱ ጥቂት ጥርሶች ላይ ይወድቃል፣ አዲሱም ሳይውል ሳያድር አሮጌውን ያክላል። ታዲያ ምን ይሁን? ሁለቱ እኩያ ሆኑ። ከዚህ በላይ ፍትሕ የት ይገኛል!

የሞተሯን ስም ብቻ ተናግሮ ካቴና የሚገዛውም አይረሳ። 520፣ 525 እና 530 ከፒን እስከ ፒን ያው 15.875 ሚሊሜትር ናቸው፤ የሚለያዩት በውስጥ ስፋታቸው ነው። የቀድሞው ባለቤት 530ውን አውጥቶ በ520 ቀይሮት ከነበረ የፋብሪካው መጽሐፍ አያውቅም። ካቴናው ጎን ላይ የተመታውን ቁጥር ማንበብና ጥርስ መቁጠር ግን የፈሪ ሥራ ነው። 530 ካቴና በ520 ኮሮና ላይ ወዲያ ወዲህ እየዋለለም ቢሆን ይገባል እኮ!

ከሁሉ የሚደነቀው የአፈታቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ካቴናው በግራይንደር ይቆረጣል፤ ከዚያ ፒኞኑን ያሰረው ዳዶ ትዝ ይላል። ጥንቁቁ ሰው ካቴናው ሳይወልቅ ዳዶውን የቆለፈውን የሮንዴላ (የዳዶ ሥር ቀለበት) የታጠፈ ጠርዝ ያቃናል፣ ማርሽ ያስገባል፣ የኋላ ፍሬን አስረግጦ ዳዶውን ያላላል። የኛ ጀግና ግን ፒኞኑን የሚይዝለት ስለሌለ መዶሻና መሮ ያነሳል።

ውጥረቱም እንደ ክራር ጅማት ነው፤ ሲነኩት ድምፅ ካልሰጠ አልተገጠመም። ብዙ ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ልል (ካቴናው ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው) ይፈልጋሉ፤ ሾኳ የረዘመች ላይ ደግሞ ይህም ቁጥር አይታመንም። ካቴና በጣም የሚወጠረው የፒኞኑ መሐል፣ የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ የሚታጠፍበት ቦታና የኋላው ፔርኖ (የጎማው ዘንግ) በአንድ መስመር ሲውሉ ነው። ስለዚህ ሾኩ ተፈትቶ ወይም ሰው ተቀምጦባት እዚያ ነጥብ ላይ ጥቂት ልል መቅረቱ ይታያል። ይህን ማን ይጠብቃል? የማርሽ ሳጥኑ ኩሽኔታ ችሎ ይሸከመው እንጂ።

በመጨረሻ የካቴናውን መገጣጠሚያ አንጓ የሚቆልፈው ክሊፕ። ዝግ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዙር የሚባለውን ወግ ጥሎ አዙሮ የሚሰካው ሰው ድፍረቱ ይለያል። ክሊፑ መንገድ ላይ ይፈተለካል፤ ካቴናው ፒኞኑ ጋ ተጠቅልሎ የሞተሩን ሽፋን ይሰነጥቃል። ኮሮናው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አልተነካም።