ኧረ ቁም ሳጥኑን ክፈቱት!

«እንዳይሰበሩ ብለን ነው የቆለፍንባቸው።»

የልጆቹ ላፕቶፖች ለምን ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈባቸው ስጠይቅ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ካለው የልጄ ትምህርት ቤት ዛሬ የተሰጠኝ መልስ ነው። እንዳይሰበሩ? ልጅ ቢጥላቸውም እንዲችሉ ተብለው የተሠሩ ላፕቶፖች እኮ ናቸው!

እነዚያ አረንጓዴና ነጭ፣ ጆሮ የመሰለ አንቴና ያላቸው፣ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት ያሠራቸው ኤክስኦ (XO) የሚባሉ ላፕቶፖች። የፕሮጀክቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 እ.ኤ.አ. «ባለ 100 ዶላር» ብሎ ያስተዋወቃቸው፣ ወደ ምርት ሲገቡ 200 ዶላር ገደማ የሆኑት። (እሱ ራሱን የቻለ ብሶት ነው፤ ይቆየን።) ኪቦርዳቸው አቧራና ውኃ እንዳያስገባ በጎማ ተሸፍኗል። ስክሪናቸው ፀሐይ ላይ ይነበባል። ፀሐይ ላይ! የኛዎቹ የመስኮት ብርሃን እንኳ አይተው አያውቁም። የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነላስቲካቸው። የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ መርህ ደግሞ ላፕቶፑ የልጁ ይሁን፣ ቤቱም ይውሰደው የሚል ነበር። ቤቱ? የኛ ልጆች እኮ ክፍላቸው ድረስም አልመጣላቸው!

ቁልፉስ? ንብረት ክፍል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊስ? ስብሰባ ላይ። እንግዳ ሲመጣ ግን ቁልፉ በአንድ ደቂቃ ይገኛል። ይወለወላሉ፣ ይደረደራሉ፣ ልጆቹ ፈገግ በሉ ይባላሉ፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ተቆጥረው፣ ተፈርሞባቸው፣ ወደ እስራቸው። ልጄን «ምን ተማራችሁበት?» ብላት «አትንኩ ተባልን» አለችኝ።

ቢሰበርስ? ይሰበራ! ቢያንስ አንድ ልጅ ነክቶታል ማለት ነው። ባትሪው እዚያው ተቆልፎበት ሲሞትስ ማን ሊፈርምበት ነው?