«እሱ የኔ ክፍል አይደለም»

ወገን፣ ይሄ ጽሑፍ ረጅም ነው፣ የንዴትም ነው። በግሩፕ ሥራ ተቃጥሎ የማያውቅ ሰው ካለ አልፎት ይሂድ፣ አልቀየምም።

ርዕሳችን ለኦቶኢሚዩን በሽታ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ ለሚመጣ በሽታ) የሚሰጥ ጂን ቴራፒ፣ ማለትም ጂን በማስገባት ወይም በማረም የሚደረግ ሕክምና ነበር። በሽታውን ሉፐስ አደረግነው። እውነቴን ነው፣ ከተሰጡት ርዕሶች ሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነበር። ግን ርዕሱ ከመድረሱ፣ አንድም ሰው አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ክፍል እንከፋፈል» ተባለ። ወዲያው «መግቢያ የኔ»፣ «ማጠቃለያ ይዣለሁ»። አንዱ ደግሞ «እኔ ማጣቀሻ» አለ። የምን ማጣቀሻ? ገና ማን ምን ጽፎ ነው የሚጣቀሰው? ቀና ስል የቀረችው «እንዴት ይሠራል» የምትለዋ ብቻ ናት። ለኔ ደረሰች።

የኔ ብሶት ግን «እኔ ብዙ ሠራሁ፣ እነሱ አልሠሩም» የሚለው የተለመደው አይደለም። እሱንማ ለምደነዋል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነገር ተቆራርሶ የሚሠራ አለመሆኑ ነው። እስኪ ተመልከቱት። በሉፐስ የሰውነት መከላከያ አልደከመም፤ የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ቆጥሮ ነው የሚዋጋው። ቢ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያው ነጭ የደም ሴሎች የራስን ዲኤንኤ ሳይቀር የሚያጠቃ አንቲቦዲ (ጠላትን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ያመርታሉ፣ ከዚያ ኩላሊት ይጎዳል፣ መገጣጠሚያ ይቆጣል። ካር-ቲ የሚባለው ሕክምና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የታካሚዋ ቲ ሴሎች፣ ማለትም ሌሎች ሴሎችን መግደል የሚችሉ የመከላከያ ሴሎች፣ ከደሟ ተለይተው ይወጣሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ጉዳት እንዳያደርስ በተሠራ ሌንቲቫይረስ አዲስ ጂን ይገባላቸዋል። በዚያ ጂን ምክንያት ቢ ሴሎች ላይ ያለውን ሲዲ19 የተባለ ምልክት ለይተው የሚይዙ ይሆናሉ። ከዚያ ይባዛሉ፤ እሷ ፍሉዳራቢንና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ከወሰደች በኋላ መልሰው ይሰጧታል። ሴሎቹም ገብተው ቢ ሴሎቿን ይጠርጋሉ። አሁን ይሄን ሳያውቅ መግቢያ የሚጽፍ ሰው ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?

ምን ብሎ እንደጻፈ ልንገራችሁ። ስላይዶቹ የመጡት በዋዜማው፣ ያውም ማታ ነው። የመግቢያው ስላይድ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ሉፐስ የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም ሲዳከም የሚከሰት ሲሆን ጂን ቴራፒ ይህን አቅም ያጠናክራል።» ቀጥሎ የኔ ስላይድ ይመጣል፤ የመከላከያውን አንድ ክንድ ድምጥማጡን እናጠፋለን ይላል! ሁለቱ በአንድ ፋይል፣ በአንድ ርዕስ ሥር፣ ጎን ለጎን። «ይሄ ተቃራኒ ነው፣ ይስተካከል» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ የአውራ ጣት ኢሞጂ። ስላይዱ ግን እንዳለ ቀረ።

ይቀጥላል። «የጂን ቴራፒ ስኬቶች» የሚለው ላይ ማጭድ የመሰለ ቀይ የደም ሴል በትልቁ ተለጥፏል። ሲክል ሴል! በዘር የሚተላለፍ፣ ከአንድ ጂን ስህተት የሚመጣ በሽታ፤ ከኦቶኢሚዩን ጋር ምንም አያገናኘውም። ልጁን ስጠይቀው፣ ሲክል ሴል የሚታከምበትን ጂን ቆርጦ የሚያርም ዘዴ ጠርቶ፣ «ክሪስፐር እኮ ነው ዋናው ጂን ቴራፒ፣ ያንተ ካር-ቲ የሴል ሕክምና ነው» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያው ካር-ቲ ለሉኪሚያ ሲፈቀድ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራሱ ጂን ቴራፒ ብሎ ነው ያወጀው ብለው ማን ሰምቶኝ።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ስላይድ ደግሞ «ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም» ይላል። በቃ። ከየትኛው የመድኃኒት ካርቶን እንደተገለበጠ እንጃ። ጄሲ ጌልሲንገር የተባለ የ18 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1999 በጂን ቴራፒ ሙከራ ላይ ሕይወቱ አልፏል፣ መስኩ በሙሉ በዚያ ተናግቷል። ካር-ቲ ሴሎች ሲነቁ የሚለቁት የሳይቶካይን (የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል) ማዕበል ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስገባል። ተቆጣጣሪው በ2024 መጀመሪያ ላይ ከሕክምናው በኋላ የቲ ሴል ካንሰር ሊመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አዟል። እኛ ግን ራስ ምታት።

ፍትሐዊ ልሁን፣ አንዷ ልጅ ደውላ «ቆይ፣ ሉፐስ መከላከያ ሲበዛ ነው ሲያንስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሁሉም በላይ የሚረባው ጥያቄ እሱ ነበር፣ የጠየቀችውም እሷ ብቻ። ሥራ ያለበት፣ ቤተሰብ የታመመበት ሰውም አለ፣ ገባኝ፤ ከነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ጊዜ እያለው የራሱን ስላይድ ብቻ አይቶ ከሚተኛው ጋር ነው።

የማቅረቢያው ቀን። የውጤት ክፍል የያዘው ልጅ አሳምሮ አነበበ፦ ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ እነ ጌኦርግ ሼት እ.ኤ.አ. በ2021 አንዲት የ20 ዓመት ወጣት አከሙ፣ በ2024 ባወጡት ሪፖርት 15 ታካሚዎች ነበሩ፣ 8ቱ የሉፐስ ናቸው፣ ሁሉም መከላከያ የሚያፍኑ መድኃኒቶቻቸውን አቆሙ። ቁጥሩ ልክ፣ ድምፁ ልክ። መምህሯ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ «ቢ ሴሎቹ ከወራት በኋላ እንደሚመለሱ ጽፈሃል። በሽታው ታዲያ ለምን አብሮ አልተመለሰም?»

«እሱ የኔ ክፍል አይደለም።»

ስላይዱ ላይ ያለው እኮ ነው! ገና ግድግዳው ላይ እየበራ ነው! የሚመለሱት አዲስ፣ ራስን ማጥቃት ያልለመዱ ቢ ሴሎች ናቸው፤ የበሽታውን ትዝታ የያዙት ተጠርገዋል። የጥናቱ ውበት በሙሉ እሱ ነው። እሱን ካላወቅክ 15 ያልከው ቁጥር ምንህ ነው? መምህሯ ወደ መግቢያው ልጅ ዞሩና «አንተ ያጠናክራል ብለሃል፣ ጓደኛህ ያጠፋል ይላል፣ ማናችሁን ልመን?» አሉት። እኔን አየኝ። ሁሉም እኔን አዩኝ፤ እኔም መለስኩ፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ የጮኸው። በር ላይ «መግቢያው ላይ ትንሽ ችግር ነበር አይደል?»፣ «ቀድመን ተገናኝተን ብናነበው ጥሩ ነበር»። ቀድመን እንገናኝ ያልኩበት መልእክት እኮ ሁላችሁም አይታችሁት፣ መልስ ሳታገኝ እዚያው ቴሌግራም ላይ አለች!

ውጤት ሲወጣ ለሁላችንም እኩል ነው። እርስ በርስ የምንገማገምበት ቅጽ ተሰጥቶን ነበር፣ እሱም ላይ ሁሉም ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ተሰጣጡ፤ እውነቱን የጻፈ ሰው ደግሞ ክፉ ተባለ፣ ማን እንደሆነ ገምቱ። የማጣቀሻው ልጅ ግሩፑ ላይ «ምርጥ ቲም ነበርን» ብሎ የእሳት ኢሞጂ ደረደረ። ማጣቀሻው ውስጥ የሲክል ሴሉ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ የኤርላንገኑ ጥናት የለም።