ሲዲፎር ቁጥር ብቻ አይደለም

በቀደም ከሂርማታ ገበያ ስንመለስ አንዲት ጎረቤቴ «ቆይ ግን፣ ይሄ ሲዲፎር የሚሉት ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ቁጥሩን ሁሌም ይነግሯታል። ምንነቱን ግን የነገራት የለም። አዘንኩ። ጅማን በሚያክል የሐኪም መማሪያ ከተማ ይህ መሆን የለበትም።

ሲዲፎር የፕሮቲን ስም ነው። ቲ ሴል ከሚባሉት የሰውነታችን ወታደሮች ገሚሶቹ ላያቸው ላይ ይሸከሙታል። በደም ምርመራ የሚቆጠሩት እነሱ ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ200 በታች ሲወርዱ ጤነኛ ሰው በቀላሉ የሚቋቋመው ተዋህሲ እንኳ ይጥላል።

ቲ ሴል ጀርምን ከሩቅ አይለይም። ሌላ ሴል የጀርሙን ቁራጭ ኤችኤልኤ በሚባል ሞለኪውል ላይ አድርጎ ሊያሳየው ይገባል። ሁለቱ ሲነካኩ ሲዲፎር ኤችኤልኤውን ደግፎ ይይዛል፤ መልእክቱም ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ያግዛል። ይህም አይበቃም። ሲዲ28 የሚባለው ሞለኪውል ሁለተኛ ምልክት ካላቀበለ ቲ ሴሉ ዝም ይላል። በአንድ ምስክር እንደማይፈርድ ሽማግሌ ማለት ነው። ይህ ጥንቃቄ ሁሌም ይደንቀኛል፤ የገዛ አካላችንን እንዳንወጋ ከሚጠብቁን ነገሮች አንዱ ነውና።

ቲ ሴል ፍሬንም አለው፦ ሲቲኤልኤ4 እና ፒዲ1 የሚባሉ ሞለኪውሎች። ሳይንቲስቶቹ ጄምስ አሊሰን እና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለሙት ይህን ፍሬን በማላቀቅ ካንሰርን ማከም እንደሚቻል መንገድ ስለከፈቱ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ኤችአይቪ ወደ ሴሉ የሚገባው ሲዲፎርን ጨብጦ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሲሲአር5 የተባለውን ሌላ ሞለኪውል ይደርባል። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ሲያደርግ ሴሎቹ ያገግማሉ፤ ቁጥሩም ይጨምራል። ነገር ግን ቫይረሱ በአንዳንዶቹ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ከተደበቀበት ይነሳል። «ሲዲፎሬ ጨምሯል፣ እንግዲህ ልተወው» የሚለው ሐሳብ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ሰውየው ግን አይወቀስም። ቁጥሩን እንጂ ታሪኩን አልሰማም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በየቀበሌው ይወጣሉ። ቡና ተፈልቶ ሰው በተሰበሰበበት ይህንኑ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢያስረዱ ምን አለ? የምርመራ ውጤት የሚናገር ባለሙያም ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምር፦ የተቆጠረው ምን እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ለምን እንደማይቋረጥ።