ለማንጎ ቀበቶ

ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ፌስታል ማንጎ የደህንነት ቀበቶ አሰርኩ። አልቀለድኩም።

የእህቴ ልጅ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ዛሬ ሐረር እኔ ላድርስህ፤ ያቺን ፔጆ አሳርፋት» አለኝ። ይቺ «አሳርፋት» የምትባል ነገር! አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ የኔን ፔጆ ሲያይ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል። «እስካሁን በማርሽ?» ይላል፣ ከንፈሩን እየመጠጠ። አቦ!

ለእናቱ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የገዛሁትን ማንጎ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እኔ እንደ ባለሥልጣን ከኋላ ተቀመጥኩ። ገና መንቀሳቀስ ስንጀምር ጢን፣ ጢን፣ ጢን። ወንበሩ ክብደት ሲሰማው ሰው የተቀመጠ መስሎታል። «ቀበቶ እሰርለት፣ ካልሆነ ዝም አትልም» አለኝ። ቆመ፣ ወረድኩ፣ አሰርኩ። ጢንጢኑ ግን አላለቀም። ባጃጅ በጎናችን ባለፈ ቁጥር ትጮሃለች። ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ በጎን የማያልፍበት ደቂቃ አለ እንዴ?

የኔዋ ፔጆ 404 ናት። ፈረንሳዮች በ1960 እ.ኤ.አ. መሥራት ጀምረው በ1975 የተዉት መኪና፤ ሐረር ግን መኪኖቹን አልተወቻቸውም፣ ታክሲ አድርጋ አኖረቻቸው። ማርሿ መሪው ሥር ነው። ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ማርሹን ትስባለህ፣ ሞተሩን ታዳምጣለህ። ሦስተኛ ሲከብዳት ድምፅዋ ይለወጣል፣ ጢን ማለት አያስፈልጋትም። አዲሶቹ ይናገራሉ እንጂ አይሰሙም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ በዝቷል። እነሱስ ቢያንስ ማንነታቸው ይታወቃል። እኔን የሚገርመኝ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደው ሃይብሪዱ ነው። አባቴ የሚወዳት ተረት ነበረች፦ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ሃይብሪድ ማለት ይቺ ናት። ስለ ቤንዚኗ ስትጠይቃት ስለ ባትሪዋ ታወራሃለች። ጎረቤቴ አንድ አለችው። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ «የኔዋ እኮ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው» ይለኛል። ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?

ወደ ደንገጎ መውጣት ጀመርን። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሐረር መንገድ ላይ ያለችው ሐረማያ 2,000 ሜትር ግድም። ደንገጎ መካከል ያለው ጥምዝምዙ ዳገት ነው። አንድ የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ቆመ፣ እኛም ቆምን። መንገዱ ሲከፈት ልጁ እግሩን ከፍሬን አነሳ። መኪናዋ ወደኋላ ንቅንቅ አላለችም። ራሷ ይዛ ቆማ፣ ነዳጅ መስጫዋን ነካ ሲያደርጋት ሄደች።

ደሜ ፈላ።

የዛሬ 30 ዓመት ገደማ ለመንጃ ፈቃድ ስፈተን «ዳገት ላይ አቁመህ ተነሳ» ተባልኩ። ፈታኙ ከኋላ ጎማዬ ጀርባ ድንጋይ አስቀመጠ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ አነሳሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። አንድ ስንዝር ወደኋላ ሄደች። አንድ ስንዝር! ድንጋዩን ዳሰሰችው እንጂ አልገፋችውም። «ውረድ» አለኝ። ድንጋዩንም እኮ አጥብቆ አስጠግቶት ነበር፣ አይቼዋለሁ። ሰፈር ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ሻይ ቤት ስገባ «ስንዝሮ መጣ!» አሉኝ። እስከ ዛሬ እንዲያ የሚጠሩኝ አሉ። ለዚህች መኪና ማን ድንጋይ አስቀመጠላት? ማን «ውረጂ» አላት?

ስንመለስ ነገሩ ባሰ። የድሮ ሹፌር ሕግ አንድ ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ይያዝህ፤ ፍሬን ላይ ከተኛህ ይግልና አልይዝም ይልሃል። ልጁ ግን እግሩን አነሳ፣ መኪናዋ ራሷን ያዘች፤ ስትይዝ ደግሞ ባትሪዋን ትሞላለች፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ 61 በመቶ የነበረው ባትሪ 64 ሆነ። እኔ ደንገጎን ስንት ጊዜ ወርጃለሁ፣ አንድ ጠብታ ቤንዚን የመለሰልኝ የለም። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «ባትሪው ሙሉ ቢሆንስ ኖሮ የት ትከተው ነበር?» አልኩት። «ያኔ እንደ ድሮው ፍሬን ነው ጋሼ» አለኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

የማንጎውን ነገር መናገር ረሳሁ። እህቴ ቤት አንዱም ሳይጨፈለቅ ደርሷል። ይህን ሳምንት በፔጆዬ ሌላ ፌስታል ጭኜ ስወጣ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተበተነ። አንዷ ተንከባልላ ፍሪሲዮን ሥር ገባች። እንደምንም ረገጥኩት። ፔጆዋ እስካሁን ማንጎ ማንጎ ትላለች።